ታድለሽ ይሉኛል፦ ከደሴ ቤት ሆኖ የደንበኞችን ስልክ ማንሳት

«ከቤት ነው የምትሠሪው? ታድለሽ!» ደሴ ውስጥ ሥራዬን የሰማ ሰው ሁሉ የሚለኝ ይህንን ነው። እውነት ነው፣ ታድያለሁ። ግን ያልታደልኩበትም ጎን አለ። ሰሞኑን ሁለት ተመራቂዎች ቤት መጥተው «እኛም ልንጀምር ነው፣ ምን ትመክሪናለሽ?» አሉኝ። ከአቦል እስከ በረካ አውርቼ አልጨረስኩላቸውም። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ከሆንኩ አራት ዓመት አለፈኝ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ከብዙ ሰው ጋር ተደርድሬ። ኋላ ወደ ደሴ ተመለስኩና አሁን ቧንቧ ውሃ አካባቢ ካለው የእናቴ ቤት እሠራለሁ።

ሥራውን ሁላችሁም በሌላኛው ጫፍ ታውቁታላችሁ። የንግድ ባንክ ሂሳባችሁ ጉዳይ ሲሆን 951 ትደውላላችሁ። ለሲም ካርድ 994፣ መብራት ሲሄድ 905። መጀመሪያ ማሽን ያነሳዋል፣ ወረፋ ያስይዛችኋል፣ ከዚያ ነጻ ወደሆነ ሠራተኛ ይልካችኋል። ድሮ ሠራተኛው ከማሽኑ ጋር በሽቦ ስለሚገናኝ ሁሉም አንድ ሕንፃ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። አሁን ድምፅ በኢንተርኔት ይሄዳል። ላፕቶፕና ሄድሴት (ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ) ያለው ሰው የትም ሆኖ ጥሪውን መቀበል ይችላል። ኩባንያው ከፈቀደ ማለቴ ነው።

ለአንድ ጥሪ የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ደግሞ ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም። ድምፁ ሳይጨመቅ ቢሄድ እንኳ ለመላክ በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት ገደማ፣ ለመቀበልም ያንኑ ያህል ይበቃል። በቀን 6 ሰዓት ሙሉ ቢወራ ግማሽ ጊጋ ያህል ቢፈጅ ነው። ፊልም የሚያይ ታናሽ ወንድም ከዚህ የበለጠ ይጨርሳል። አስቸጋሪው ፍጥነቱ ሳይሆን መዋዠቁ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ከሌላው ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። መዘግየቱ እየጨመረ ሲሄድ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ መናገር ይጀምራሉ። «ይቅርታ፣ ይቀጥሉ»፣ «አይ አንቺ ቀጥይ» ይበዛል። የተናደደ ደንበኛ ደግሞ ኔትወርኩ ነው ብሎ አያስብም። አቋረጠችኝ ነው የሚለው።

ከጥቅሙ ልጀምር። አዲስ አበባ ሳለሁ የደመወዜ ግማሽ የሚሄደው ለአንዲት ክፍል ኪራይ ነበር። ከቀረው ላይ ታክሲና ምሳ ይቀነሳል። የማታ ሽፍት ሲሆን ደግሞ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ራሱ ጭንቀት ነው። ደሴ ስመለስ ደመወዜ አልጨመረም፣ የሚተርፈኝ ግን ጨመረ። እናቴ ስትታመም አጠገቧ ነበርኩ። ይህን በብር መተመን አልችልም።

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከሰኞ ገበያ ፒያሳ የወጣ ሰው ያውቃል። እግሩን ለሚያመው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው ሥራው ሳይሆን መንገዱ ነው የሚከለክለው። ስልክ ማንሳት ግን ዳገት አያስወጣም። ከቤት የሚሠራ ሥራ መጀመሪያ ለእነዚህ ሰዎች ቢደርስ ደስ ይለኛል።

ጉዳዩ በጥናትም ተፈትሿል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የምጣኔ ሀብት ፕሮፌሰር ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ሲትሪፕ በሚባል የቻይና የጉዞ ወኪል ኩባንያ ሻንጋይ ውስጥ ሙከራ አድርገው ነበር። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 መጨረሻ እስከ 2011 ነው። ከቤት ለመሥራት ፈቃደኛ የሆኑ የጥሪ ማዕከል ሠራተኞችን በልደት ቀናቸው ለሁለት ከፈሏቸው። ቀኑ ጥንድ ቁጥር የሆነ ከቤት፣ ጎዶሎ የሆነ ከቢሮ። ከዘጠኝ ወር በኋላ ከቤት የሠሩት ውጤታቸው 13 በመቶ በልጦ ተገኘ። 9 በመቶው የመጣው ብዙ ደቂቃ ስለሠሩ ነው፤ እረፍት ቀነሱ፣ በሕመም መቅረት ቀነሱ። 4 በመቶው ደግሞ በደቂቃ ብዙ ጥሪ ስላነሱ ነው፤ ቤታቸው ጸጥ ይል ነበር። ሥራ የሚለቀውም ሰው በግማሽ ቀነሰ።

ከቤት መሥራት ጥሩ ነው የሚል ሁሉ ይህን 13 በመቶ ይጠቅሳል። ከሥሩ ያለውን ግን ብዙ ሰው አያነብም። እነዚያ ሠራተኞች ሲጀምሩ ኩባንያው ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር ሠርተዋል። ለሥራ ሰዓታቸው የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። አስተማማኝ ኢንተርኔት ነበራቸው። በሳምንት አንድ ቀንም ቢሮ ይገቡ ነበር። ያም ሆኖ ሙከራው ሲያልቅ ብዙዎቹ ወደ ቢሮ መመለስን መረጡ፤ ከሰጧቸው ምክንያቶች ዋናው ብቸኝነት ነው። ሌላም ነገር ታየ። እኩል ውጤት እያላቸው ከቤት የሚሠሩት የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው አነሰ። የማይታይ ሰው ይረሳል።

ሕንድ ቼናይ ውስጥ በዳታ ኢንትሪ (መረጃ ወደ ኮምፒውተር በሚያስገቡ) ሠራተኞች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የተገላቢጦሹን አገኘ። በዕጣ ከቤት እንዲሠሩ የተመደቡት ቢሮ ካሉት 18 በመቶ ያነሰ ሠሩ። የኔ ግምት ቤቱ ራሱ ለውጥ ያመጣል የሚል ነው። የሻንጋይን ውጤት ከነክፍሉ ካልሆነ ነጥሎ ወደ ደሴ ማምጣት አይቻልም። የእኛ ኩባንያ ቢሮ አዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር። በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ማለት የሚባል ነገር የለም።

እስቲ አሁን መብራትና ኔትወርክ ላይ እንምጣ። አሠሪ ለምን በየደቂቃው እንደሚጨቀጭቅ ካልገባን ሰውየውን ክፉ አድርገን እናስባለን። እኔም አስብ ነበር። ስንት ሠራተኛ ሲኖር ደዋይ ስንት እንደሚጠብቅ የሚያሳየውን ስሌት ከመቶ ዓመት በፊት የሠራው ኤርላንግ የሚባል በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ዴንማርካዊ የሂሳብ ሰው ነው። በሱ ቀመር አንድ ምሳሌ ላስላ። በሰዓት 60 ጥሪ ይመጣል እንበል፣ እያንዳንዱ በአማካይ 5 ደቂቃ ይፈጃል። ስምንት ሠራተኛ ካለ ደዋዩ በአማካይ 17 ሰከንድ ይጠብቃል። ሰባት ከሆኑ 49 ሰከንድ። ስድስት ሲሆኑ ወደ 3 ደቂቃ ይደርሳል። አምስት ከቀሩ ወረፋው ማለቂያ የለውም፤ እያደገ ብቻ ይሄዳል። ከስምንት ወደ ስድስት ሲወርድ የጎደለው የሠራተኛው ሩብ ነው፣ የደንበኛው ጥበቃ ግን አሥር እጥፍ ሆነ።

አሁን ሁለታችንም ቧንቧ ውሃ የምንኖር ሠራተኞች ነን እንበል። መብራት ሲሄድ አብረን እንጠፋለን። አዲስ አበባ ያለው ሱፐርቫይዘር የሚያየው ሁለት ስም በአንድ ጊዜ ቀይ ሲሆን ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ጄኔሬተር ሁሉንም ያድናል። ቤት ለቤት ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ጄኔሬተር መሆን አለበት።

መፍትሔው ግማሽ ያህሉ ቀላል ነው። ራውተር የሚፈልገው ኃይል ከ10 እስከ 15 ዋት ነው፣ የአንድ አምፖል ያህል። ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ለሰዓታት ያቆየዋል። ላፕቶፕም ባትሪው ጤነኛ ከሆነ ይቆያል። ዴስክቶፕ ይዞ መጀመርን ግን አልመክርም። ሁለተኛው ግማሽ ነው የሚከብደው። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ እተርፋለሁ ያለ ሰው በጣም በሚፈልገው ሰዓት ነው የሚያጣው። ሁለት የተለያየ ኩባንያ ሲም መያዝ ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይደለም።

ከዚህም የሚከፋ አይተናል። በ2014 ከተማዋ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ መብራቱም ስልኩም አልነበረም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በሞባይል ዳታ ከቤት ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ሥራዋን ያጣችው ያኔ ነው። ጥፋት አልነበረባትም። ኩባንያውም አልከሰሳትም። ዝም ብሎ ውሏን አላደሰም። እኔ ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ኪሳራው ማን ላይ እንደሚያርፍ የሚናገር አንድ መስመር ውሏ ውስጥ አልነበረም።

ስለ ድምፅ ደግሞ የማንም መመሪያ የማይጽፈውን ልንገራችሁ። የደሴ ክረምት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማንም ሄድሴት አያቆመውም። ቶሳን ደመና ሲሸፍነው ልቤ ይፈራል። አንድ ቀን በረዶ እየወረደ አንድ አባት የጠፋባቸውን ብር ሊጠይቁ ደወሉ። «ልጄ፣ ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉኝ። «በረዶ ነው አባቴ፣ ይታገሡኝ» አልኩ። «እኛ ጋ ዝናብ ጠፍቷል፣ እናንተ ጋ መጣ? እሰይ!» ብለው ሳቁ። ደግ ሰው ገጠመኝ። ኋላ ያንን ጥሪ የገመገመው ሰው ግን ከጥራት ነጥቤ ላይ ቀነሰብኝ። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኮርኒሱን ያስብ።

ሰዉ ነው ግን ዋናው ነገር። ወሎ ውስጥ በር አይዘጋም። ጎረቤት ይገባል፣ ቡና ይጠራል። «ቤት አይደለሽ እንዴ?» ይባላል። በእኛ ዘንድ ሥራ ማለት ከቤት ወጥቶ መሄድ ነው። ቤት የተቀመጠ ሰው ነጻ ነው። እናቴ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጥሪ ላይ እያለሁ በሩን ከፍታ «እስቲ ሽንኩርት ገዝተሽ ነይ» ትለኝ ነበር። አልፈረድኩባትም። ኮምፒውተር ላይ የምታወራ ልጅ ነው የምታየው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አረፉ። ድንኳኑ የተተከለው ከመስኮቴ አሥር እርምጃ ላይ ነው። ቢሮ ብሆን ኖሮ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ፣ ወይም ሥራ ነኝ እላለሁ፣ ሰውም ይረዳኛል። እኔ ግን እዚያው ነኝ። የልቅሶው ድምፅ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት?» በሚለው የፈገግታ ድምፅ እያወራሁ ነው። እነዚያ ሽማግሌ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት እየወሰዱ ያደረሱኝ ሰው ናቸው። የማለዳ ሽፍቴን ጨርሼ ስወጣ ቀብሩ አልፏል። ሴቶቹ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ተቀመጥኩ። ያ ዝምታ እስካሁን ከሁሉም ስድብ ይከብደኛል።

ስድብ ካነሳሁ አይቀር እሱም አለ። አዳራሽ ውስጥ ስትሰደቢ አጠገብሽ ያለችው ታይሻለች። ዓይኗን ታንቀሳቅሳለች፣ ትስቂያለሽ፣ ውሃ ትጠጫለሽ፣ ያልፋል። ቤት ስትሆኚ የሚቀጥለው ጥሪ ይገባል። ከዚያ ያንን ስድብ ይዘሽ እራት ትበያለሽ። አዲስ ጀማሪ ከሆንሽ ደግሞ «ይሄን እንዴት ልመልስ?» ብለሽ የምትጠይቂው የለም። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ስድስት ወር ከቤት አትጀምሩ የምለው። የሥራው ግማሽ የሚለመደው ከጎን ያለውን በመስማት ነው።

ስለ ምስጢርም አንድ ነገር። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት። የሚደውለው ሰው የአክስቴ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ስሙ፣ ስልኩ፣ ያለው ገንዘብ እኔ ስክሪን ላይ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚይዝ ድርጅት እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ቤት ሲሆን ያንን ጥበቃ በተግባር የምትወጣው ሠራተኛዋ ናት። የደንበኛን ቁጥር ጮክ ብዬ አልደግምም። ስክሪኔን ወደ ግድግዳ አዙሬያለሁ። ታናሽ ወንድሜም ያንን ላፕቶፕ አይነካም፣ ለጨዋታም ቢሆን።

አሁን ወደ ውሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራስ ቤት ወይም ሠራተኛው በመረጠው ቦታ ስለሚሠራ ሥራ አንቀጽ አለው። ነገር ግን አንቀጹ የሚያወራው ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር ስለሚሠራ ሥራ ነው። የጥሪ ሠራተኛ ግን በየሰከንዱ ይታያል። መቼ እንደገባሁ፣ ስንት ደቂቃ እንዳወራሁ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ ይመዘገባል፤ ድምፄም ይቀረጻል። ስለዚህ በኔ አመለካከት ይህ ሥራ ቦታው ተቀየረ እንጂ የቢሮ ሥራ ነው። መብቱም የቢሮ ሠራተኛ መብት መሆን አለበት። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ከዚያ በላይ ከሆነ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ በ1.75። በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለ። ጡረታም ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል።

አንዳንድ ማስታወቂያ ግን «ከቤት ስለሆነ በኮንትራት ነው» ይላል። እንዲህ ከሆነ እንደ ሠራተኛ ላይቆጥሯችሁ ነው፤ ጡረታም ፈቃድም የለም ማለት ነው። ሰዓታችሁን እየወሰነ፣ ስክሪናችሁን እያየ፣ ሠራተኛ አይደላችሁም የሚል ካለ ቆም ብላችሁ ጠይቁ። ለኢንተርኔቱ ማን ይከፍላል? ላፕቶፑ ቢበላሽ የማን ነው? መብራት የጠፋበት ሰዓት ይቆረጣል ወይስ ይካካሳል? መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። ኩባንያው ቢሮ ሲቀንስ ኪራይ፣ መብራት፣ ጽዳት፣ ጥበቃ ይተርፈዋል። ከዚያ ላይ ጥቂቱን መጠየቅ ልመና አይደለም።

አንድ ተስፋ የማደርገው ነገር አለ። ወሎ ውስጥ አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሴት የሌለችበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ብዙዎቹ አረብኛውን አቀላጥፈው ይናገራሉ። ሳዑዲ ከእኛ ጋር ሰዓቷ አንድ ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ብቻ ትቀድመናለች። ለአሜሪካ ደንበኛ የሚሠራ ሰው ግን ሥራው ከቀኑ 10 ሰዓት ተነስቶ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። እነዚህ ሴቶች በአሥር ዓመት ድካም ያመጡት ቋንቋ ማጀት ውስጥ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አረብኛ ተናጋሪ የስልክ ሠራተኞችን የሚያሰባስብ ሰው ቢነሳ ምን አለ?

ማሰባሰብ ያልኩት አስቤበት ነው። ቤት ወይም አዲስ አበባ ብቻ አይደለም ምርጫው። አሥር የምንሆን ሰዎች ፒያሳ አንድ ክፍል ብንከራይ አንድ ፋይበር መስመር፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ ጸጥታ እንካፈላለን። የተሰደበችዋን የሚያያት ይኖራል። ለቀብርም ተራ እንያያዛለን። አሠሪ ይህን ቢደግፍ ከአሥር ዩፒኤስ የሚረክስ ይመስለኛል። ለአሠሪዬ ጽፌያለሁ።

ሁለቱን ተመራቂዎች አንድ ነገር ብቻ አዘዝኳቸው። ሳትፈርሙ በፊት አንድ ሳምንት ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ልትሠሩበት ያሰባችሁት ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሥራ ላይ እንዳላችሁ። መብራት ስንት ጊዜ ሄደ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ስንት ሰው በሩን ከፈተ፣ ጻፉ። አንደኛው አልተመለሰም። አንደኛዋ ባለፈው እሑድ ደብተሯን ይዛ መጣች። በስድስት ቀን መብራት አራት ጊዜ ሄዷል፣ ረጅሙ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። በሩ ሃያ ሦስት ጊዜ ተከፍቷል። አባቷ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ። አብረን ሳቅን። ከዚያ ወረቀት አወጣችና ለሚቀጥራት ኩባንያ የምትልከውን የመጀመሪያ ጥያቄ ጻፈች፦ «መብራት የሚሄድባቸው ሰዓታት በማን ስም ይቆጠራሉ?»